ፖሊሱ

ኦዝሞሲስ ጆንስ በሚለው ስሙ በከምባታ፣ አንጋጫ ውስጥ የሚያውቀው ልጅ አልነበረም። ለእኛ «ፖሊሱ» ነበር። ሰው ደም ውስጥ የሚኖር፣ ባጅ ያለው፣ አፉ የማያርፍ፣ አለቆቹን የሚያስመርር አንድ ነጭ የደም ሴል። ዋርነር ብራዘርስ በስሙ የተሰየመውን ፊልም ያወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ለፖሊሱ ድምፁን የሰጠው ኮሜዲያኑ ክሪስ ሮክ ሲሆን፣ ፖሊሱ የሚኖርበትን በሽተኛ፣ ፍራንክን፣ በአካል የተጫወተው ደግሞ ቢል መሪ ነው። 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከሲኒማ ቤቶች 14 ሚሊዮን ገደማ ብቻ እንደመለሰ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ባለቤቶቹ ከስረዋል። ከሆሳዕና የመጣልን ሲዲ ግን ተጭሮ ተጭሮ መሃሉ ላይ እየዘለለ አስቸግሮም ቢሆን አልተውነውም።

ቪዲዮ ቤቱ የጭቃ ቤት ነበር። መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ፣ አግዳሚው ገና ሙጫው ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ፣ ጄኔሬተሩ ደጅ ላይ የሚያጓራ፣ መግቢያው 50 ሳንቲም። አስተርጓሚ ነበረን። እንግሊዝኛው የስምንተኛ ክፍል፣ ድፍረቱ የዩኒቨርሲቲ የሆነ ጎረምሳ። ከቴሌቪዥኑ ጎን የሸንበቆ ዘንግ ይዞ ቆሞ ግማሹን በአማርኛ፣ ሳቅ የሚያስፈልገውን ቦታ በከምባትኛ ያስኬደዋል። የፍራንክ ሰውነት ከተማ ነው። አንጎሉ ማዘጋጃ ቤት፣ ሆዱ የአውሮፕላን ጣቢያ የመሰለ ግርግር ያለበት፣ ብብቱ ወሮበሎች የሚሰበሰቡበት የእንፋሎት ቤት፣ ግንባሩ ላይ የወጣው ብጉር ደግሞ ሙዚቃው የሚደለቅበት ጭፈራ ቤት። ከመካከላችን አንዱ እጁን አውጥቶ «ነጭ የደም ሴል ከሆነ ለምን ሰማያዊ ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ዞር እንኳ አላለም፤ «ዩኒፎርሙ ነው» አለ። እስካሁን የተሻለ መልስ አልሰማሁም።

በሽታው እንዴት እንደሚገባ ልንገራችሁ። ፍራንክ የአራዊት መጠበቂያ ሠራተኛ ነው። የተቀቀለ እንቁላሉን ዝንጀሮ ነጥቆት፣ ታግሎ ሲያስጥለው መሬት ላይ ይወድቃል። ልጁ ተው እያለችው፣ ዐሥር ሰከንድ ስላልሞላው ምንም አይለውም ብሎ ይጎርሰዋል። ትራክስ የሚባለው ረጅም ካፖርት የለበሰ ቀይ ቫይረስ አብሮ ይገባል። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ትዕይንት ሲሠሩ ተመልካቹ «ኧረ ያንተ ያለህ!» ብሎ ፊቱን እንዲያዞር አስበው ይሆናል። እኛ ቤት ማንም ፊቱን አላዞረም። ከኋላ አግዳሚ አንድ ድምፅ «አፈሩን እፍ ብሎ ይብላዋ፣ ምን አለበት?» አለ፣ ቤቱም ተስማማ። አንጋጫ ላይ እንቁላል የዶሮዋ ባለቤት ይበላዋል ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። ይጠራቀማል፣ ጭድ ውስጥ ተቀብሮ ገበያ ይወጣል፣ ጨውና ጋዝ ሆኖ ይመለሳል። ልጅ እንቁላል የሚቀምሰው ታሞ ሲነሳ ወይም የተከበረ እንግዳ ሲመጣና ትራፊ ሲደርሰው ነው። መሬት የወደቀ እንቁላል የሚያስከትለው መቅሰፍት ያስደነቀን ለዚህ ነው።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለወራት ሰውነታችንን በሌላ ዓይን እናይ ነበር። በባዶ እግር የሚሄድ ልጅ እሾህ አይጠፋውም። አክስቴ እግሬን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ መርፌውን በኩራዝ ለብልባ፣ ያበጠውን ስትነካካው መግሉ ወጣ። ነጣ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ጠረን ያለው። እሷ ጨርቅ አምጡልኝ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ተጠግቼ እያየሁት ነው፤ ፖሊስ እየፈለግሁ። ሐሳቤ ከእውነቱ ብዙም እንዳልራቀ የገባኝ ባዮሎጂ ስማር ነው። መግል ማለት በአብዛኛው ከጀርም ጋር ተናንቀው የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች ክምር ነው። ፊልሙ ውስጥ ፖሊሶቹ ሲሞቱ ብዙም አይታይም። እግሬ ላይ ግን በጨርቅ ተጠራርገው ወደ ምድጃው አመድ ተጣሉ።

የነገሩ ጅማሬም እሾህ መሆኑ ይገርመኛል። በ1882 እ.ኤ.አ. ኤሊ ሜችኒኮፍ የሚባል ሩሲያዊ የእንስሳት ሊቅ በጣሊያን ሲሲሊ፣ መሲና በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ቤተሰቡ የሰርከስ ዝንጀሮ ለማየት ሲወጡ እሱ በማይክሮስኮፑ ላይ ቀረ። የሚያየው የኮከብ ዓሣ እጭ ነው፤ ገላው እንደ ብርጭቆ ውስጡን ያሳያል። ከጓሮው የጽጌረዳ እሾህ ቆርጦ ወጋውና አደረ። ሲነጋ፣ ከእጩ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ሴሎች እሾሁን ከብበውት አገኘ። ሰውነት ራሱን የሚጠብቅ ዘበኛ አለው የሚለው ሐሳብ ከዚያ ጠዋት ተነሣ። በ1908 እ.ኤ.አ. ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። የአክስቴ መርፌና የሜችኒኮፍ እሾህ አንድ ነገር ነው ያሳዩት፤ ልዩነቱ እሱ ሲደነቅ ያደረ መሆኑ፣ እሷ ደግሞ ማልዳ እንሰት መፋቅ ያለባት መሆኗ ነው።

ፊልሙ በትኩሳት ላይ የሠራውን በደል ግን ይቅር አልለውም። ትራክስ የፍራንክን አንጎል ሰብሮ ገብቶ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ይሰርቅና ሰውየው ይነዳል። በዚህ አያያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ገድሎ በሕክምና መጻሕፍት ስሙን ማስጻፍ ይፈልጋል። (በመጽሐፍ ስሙ መጻፉ የሚያጓጓው ቫይረስ የለም። ያደረበትን ሰው መግደል ለቫይረስ ቤቱን ማቃጠል ነው።) እውነቱ ተገልብጧል። እሳቱን የሚያነድደው በሽታው ሳይሆን ሰውነት ራሱ ነው። ነጭ ሴሎቹ መልእክት ይልካሉ፣ አንጎል ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል፣ ጀርሙ እንደ ልቡ መራባት ያቅተዋል። እሳቱ ከመጠን ካለፈ፣ በተለይ ለሕፃን፣ አደጋ ነው። ልኩን እስካላለፈ ድረስ ግን የፖሊሶቹ መሣሪያ ነው። ይህን ነገር ልብ አድርጉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አያቴ ፊልሙን አላየችም። እኔ ግን ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ቆጮው እስኪበስል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረክሁላት። ሰማችና፣ ፖሊሱ ደፋር መሆኑ ጥሩ ነው፣ ግን ሌባውን ከዚህ በፊት አይቶት ያውቃል ወይ አለችኝ። አላየውም፣ አልኳት። «ታዲያ እንዴት ያውቀዋል?» አለች። ፊቷ ገና በልጅነቷ በፈንጣጣ ተጎድቷል፤ ጉንጮቿ ላይ የጣት ጫፍ የሚይዙ ጉድጓዶች ነበሩ። በፈንጣጣ ዘመን ሰው የማይደርስበት ቤት የምትገባው፣ ውኃ የምታቀርበውና ሬሳ የምታወጣው እሷ ነበረች። አንድ ጊዜ ያወጣው ሰው ሁለተኛ እንደማያወጣ ሁሉም ያውቃል፤ ላቦራቶሪ አላስፈለገም። በአገራችን ከታማሚ ቁስል ጥቂት መግል ወስዶ ጤነኛውን ክንዱ ላይ ጫር አድርጎ መከተብ ከዘመናዊው ክትባት በፊት ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። አንዳንዱ ይተርፋል፣ አንዳንዱ በዚያው ይሞታል። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 እ.ኤ.አ. በላም ፈንጣጣ መከተብ ሲጀምር አደገኛውን ነገር በቀላሉ ተካው እንጂ፣ ሰውነት የገጠመውን አይረሳም የሚለውን ሐሳብ እሱ አልፈጠረውም።

ያ ሐሳብ ነው ፊልሙ ያመለጠው። ኦዝሞሲስ የፊልም ጀግና ነው። በድፍረቱና በምላሱ ያሸንፋል። ሰውነት ግን ዋና ኃይሉ ማስታወስ ነው። የአንድ ጀርም መልክ አንዴ ከታየ በኋላ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለዕድሜ ልክ የሚይዙት ሴሎች አሉ። ጀርሙ ሲመለስ ጦሩ የሚደርሰው በሳምንት ሳይሆን በቀናት ነው። ክትባት ማለት የሌባውን ፎቶ ሌባው ሳይመጣ ለጣቢያው መስጠት ነው። ሌሎች ፊልሞች ይህን ተረድተውታል። ፈረንሳዊው አልበር ባሪዬ በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው አካል በሠራው ባለ 26 ክፍል የካርቱን ተከታታይ አንዱን ክፍል ሙሉ ለክትባት ሰጥቶታል። ጃፓኖች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስለ ሴሎች በሚተርክ አኒሜ ላይ ደግሞ የማስታወስ ሴሉን ያየ ሊረሳው አይችልም፤ የድሮ ነገር ትዝ ብሎት ራሱን ይዞ የሚጮህ፣ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት የማያውቅ ጎረምሳ ነው። ለአያቴ ባሳያት ትስቅ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ የመጨረሻው ታማሚ የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። አያቴ ከዚያ በኋላ ለማንም አልተጠራችም። የፊቷን ጉድጓዶች እኛ ልጆች ጨዋታ አደረግናቸው። ጣታችንን እየከተትን እንቆጥራለን፤ እሷም ፊቷን ሳታዞር ዝም ብላ ትቆጠርልናለች።

ኩፍኝን ግን ያኔም ትፈራ ነበር፣ ከፈንጣጣም አብልጣ። ኩፍኝ ያልወጣለትን ልጅ ገና የእኔ ነው ብለህ አትቁጠር የሚሉ አሮጊቶች በዘመኗ ብዙ ነበሩ። የእሷ ፍርሃት ግን ከኩፍኙ በኋላ ለሚመጣው ነው። ልጁ ከኩፍኙ ይድናል፣ ሽፍታው ይረግፋል፣ ቤተሰቡ እፎይ ይላል፤ ከወር ከሁለት ወር በኋላ በተቅማጥ ወይም በሳንባ ምች ይሞታል። «ኩፍኝ በሩን ሳይዘጋ ነው የሚወጣው» ትል ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት በወጣ ጥናት፣ በኔዘርላንድ ካልተከተቡ 77 ልጆች ከኩፍኝ በፊትና በኋላ ደም ተወስዶ ሲመረመር፣ ቀድሞ ከነበሯቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን አጥተው ተገኙ። ኩፍኝ የጣቢያውን መዝገብ ያቃጥላል። ሰውነቱ ለዓመታት ሰብስቦ ያጣውን መልክ ሁሉ እንደገና አንድ በአንድ መማር አለበት። ጥናቱን ሳነብ በአያቴ ድምፅ ነው ያነበብሁት።

ስለ ወባ ደግሞ አጎቴ ይቀድማል። የእኛ አገር ደጋ ነው፤ በአምባሪቾ ተራራ ግርጌ ሐምሌ ላይ ከምድጃ መራቅ አይቻልም። መሬቱ ግን ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ስለሆነ የከምባታና የሐዲያ ወንዶች ገንዘብ ፍለጋ ወደ ቆላ ይወርዱ ነበር። ከዛሬው የደቡብ አፍሪካ ጉዞ በፊት የሁሉ መንገድ ወንጂ ነበር፤ ሸንኮራ ቆረጣ። አጎቴ ከዚያ ትራንዚስተር ሬዲዮ፣ ከልክ ያለፈ ቀበቶና ወባ ይዞ ተመለሰ። ወባ ከፖሊሱ ጋር የሚጫወተው ጨዋታ ሌላ ነው። ልብሱን ይቀያይራል። ፖሊሶቹ አንዱን መልክ ሲይዙት ሌላ ለብሶ ይወጣል። ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው ከብዙ ንድፊያ በኋላ እየለመደው ይመጣል፤ ያም ቢሆን ከቆላ ከራቀ ይላላል። ደገኛው ግን ምንም የለውም። በ1958 እ.ኤ.አ. ዝናቡ አመሉን ለውጦ ወባ ወደ ወይናደጋው ሲወጣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ገደማ እንደሞተ ይገመታል፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ደማቸው ወባን አይቶት የማያውቅ ነበሩ። የወባ ማጥፊያው ድርጅት የተቋቋመው በዓመቱ ነው። አጎቴ በየዓመቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጋቢ ላይ ጋቢ እየደረብንበት ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማናል። ፊልሙ ላይ ወባ ስለሌለ «ያንተ ፖሊስ ቆላ ወርዶ አያውቅም» ብሎኛል። ትክክል ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የፍራንክ ሰውነት ውስጥ የማይታይ አንድ ነገር አለ፤ ረሃብ። ፍራንክ ችግሩ መብላቱ ነው። ቅባቱ ከተማውን ያጨናንቃል፣ ፖሊሱ በስብ ጎርፍ ውስጥ መኪና ይነዳል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግን ከተማው ለምቷል ባይ ነው። ሬሽን ያጣ ፖሊስ የለም። ደመወዝ ያልደረሰው ዘበኛ የለም። በ2000 ዓ.ም. (2008 እ.ኤ.አ.) አካባቢ በከምባታና በሐዲያ የነበረውን ያየ ሰው ይህ ጉድለት ይታየዋል። አገሩ ለምለም ነው፣ ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን ዘንቧል፣ እንሰቱ ጓሮ ቆሟል። ከመኪና ወርዶ ያየ እንግዳ ረሃብ አለ ሲሉት እየቀለዱብኝ ነው ብሎ ያስባል። ሰዎቹ አረንጓዴ ረሃብ አሉት። ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ ሥጋ የሚሠራው ነገር ግን ጥቂት ነው። ወተቱ፣ ባቄላው፣ ጎመኑና አይቡ አብሮት ካልቀረበ ልጅ ይጠግባል ግን አያድግም። እግሩ ያብጣል፣ ፀጉሩ ይቀላል፣ ፊቱ ድብልብል ይልና ወፈረ ይባልለታል።

እንዲህ ያለው ልጅ ሰውነት ውስጥ ፖሊስ ጣቢያው እየተዘጋ ነው። ነጭ ሴሎች ከሚሰለጥኑባቸው ቦታዎች አንዱ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለ ቲመስ የሚባል እጢ ነው፤ በከባድ የምግብ እጥረት ይኮማተራል። ያ ቅድም ልብ አድርጉልኝ ያልኋችሁ ትኩሳትም አለ። የተጎዳው ልጅ ሳንባ ምች ይዞት፣ ደሙ ውስጥ ጀርም ገብቶ፣ ገላው ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። እሳት የሚያነድበት እንጨት የለውም። እናት ግንባሩን ትዳስሳለች፣ አይተኩስም፣ ደህና ነው ትላለች። ለዚህ ነው ጤና ጣቢያ በከባድ የምግብ እጥረት ለሚታከም ልጅ ትኩሳት ባይኖረውም አንቲባዮቲክ የሚሰጠው። ስለ በሽታ ካወቅሁት ሁሉ ያንገበገበኝ ይኸኛው ነው።

አንድ የሚያኮራ ነገር ልጨምር፤ የአካባቢው ሰው እንኳ የማያወራው። ድሮ እንዲህ ያለ ልጅ የሚታከመው ተኝቶ ነበር። እናት ሌሎቹን ልጆች ትታ ለሳምንታት ጣቢያ ትቀመጣለች፤ ወይም አትቀመጥም። በ2000 እ.ኤ.አ. በሐዲያ ዞን 170 የተጎዱ ልጆች ሳይተኙ፣ ቤታቸው ሆነው፣ እናቶቻቸው ተዘጋጅቶ የታሸገ ምግብ እየወሰዱላቸው ታከሙ። አብዛኞቹ ዳኑ። በ2007 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ይህን አካሄድ በይፋ ተቀበሉት። ዛሬ ከአፍሪካ እስከ እስያ የሚሠራበት ነገር መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛ ጎረቤት ነው። ለዚህ ካርቱን የሠራለት የለም።

ካርቱን የሚሠራ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ብሩክታዊት ጥጋቡ አስተማሪ ነበረች። በ2005 እ.ኤ.አ. ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተችና ጸሐይ የምትባለውን የስድስት ዓመት ቀጭኔ በአማርኛ አስተማረችን። «ጸሐይ መማር ትወዳለች» በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማት አሸነፈ፤ እሷም በ2010 እ.ኤ.አ. ከሮሌክስ ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆነች። ጸሐይ እጅ መታጠብን ልጆች በዘፈን እንዲይዙት አድርጋለች። እኔ የምመኘው ቀጭኔዋ አንድ ቀን አንሳ በደም ሥር ውስጥ እንድትገባ ነው።

እንዲያውም ታሪኩን ጀምሬዋለሁ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያለው ከተማ ፍራንክ ሳይሆን አንድ የአንጋጫ ልጅ ነው፤ ስም አልሰጠሁትም። ፖሊሷ ሴት ናት፣ ባዶ እግሯን፣ ደመወዟ ቆጮ። ሌቦቹ ሦስት ናቸው፤ መዝገብ የሚያቃጥለው ኩፍኝ፣ ልብስ የሚቀያይረው ወባ፣ ከእሾህ ጋር የሚገባው መግል አምጪ። ለአክስቴ ልጅ አነበብሁላት። እሷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ዐሥረኛ ክፍል ጨርሰው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ከተመደቡት አንዷ። ጓሮ ለጓሮ ስትዞር፣ ሽንት ቤት ስታስቆፍር፣ ክንድ ስትለካ ነው ዕድሜዋ የሄደው። ጎመን እየከተፈች ሰማችኝ። የወባው ላይ ሳቀች፣ የኩፍኙ ላይ ቢላዋውን አቆመች። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ወስፋቱስ?» አለች።

«የምን ወስፋት?»

«ሆዱ ውስጥ ያለው ነዋ! ፖሊሷ ቆጮ ትበላለች ትላለህ፤ ቆጮውን ቀድሞ የሚበላው ማነው? የአንጋጫ ልጅ ብለህ ወስፋት ካላገባህበት ማን ያምንሃል?» ጎመኑን ወደ ድስቱ ገፋችው። «ደግሞ ሌባ አታድርገው። እሱ ተከራይ ነው፤ ከተማውን አያቃጥልም፣ ቁጭ ብሎ ይበላል። በየስድስት ወሩ በኪኒን ታስወጣዋለህ፣ እጁን ሳይታጠብ የበላ ቀን ተመልሶ ይገባል።»

ሁለተኛው ትዕይንት ላይ ጻፍሁት። ድምፁን ማን እንደሚሠራው ስጠይቃት የዚያን የቪዲዮ ቤቱን አስተርጓሚ ስም ጠራችልኝ። አሁን ሆሳዕና ውስጥ ባጃጅ ይነዳል፤ ከነልጁ ለክትባት ሲመጣ ታገኘዋለች፣ አፉ እንደ ድሮው አያርፍም።